ለማን ተሠራ? በጀጎል ቤቶችና ባለሙያዎች መካከል

የሐረሪ ቤት ሲገባ ዓይን መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ግድግዳው ነው። ከመቀመጫው በላይ ጀምሮ እስከ ጣሪያው ጥግ ስፌት ተሰቅሎበታል። ትልልቁ ከላይ፣ አነስ ያለው ከሥር፣ አብዛኛውም ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው። በመካከሉ አበባ የተሳለባቸው የቆርቆሮ ሳህኖችና ከእንጨት የተፈለፈሉ ጥቁር ገበታዎች ገብተዋል። ቀለሙ የደበዘዘው አሮጌ ስፌት ገና ሽታው ካልለቀቀው አዲስ ስፌት ጎን ተሰቅሏል፤ አርጅቷል ብሎ ያወረደው ሰው የለም።

ጫማዬን በር ላይ አውልቄ፣ ባሳዩኝ ቦታ ተቀመጥኩ። የቤቱ እመቤት ዕድሜያቸው የገፋ ሴት ናቸው። ከልጅ ልጃቸው ጋር በሐረሪኛ ያወራሉ፣ በር ላይ አትክልት ይዛ ለመጣችው ሴት በኦሮምኛ ይመልሳሉ፣ ወደ እኔ ሲዞሩ አማርኛ ይሆናል።

«እማማ፣ ይኼን ሁሉ እርስዎ ነዎት የሠሩት?»

«ሁሉን እንዴት እችለዋለሁ ልጄ!» አሉና በጣታቸው እየጠቆሙ ያሳዩኝ ጀመር። «ያ ከላይ ያለው የእናቴ እጅ ነው። ያኛውን የትልቁ ልጄ ሚስት ስትገባ ይዛልኝ መጣች። ይኼኛውን ደግሞ እኔ ለአማቴ ሠርቼላቸው ነበር፤ እሳቸው ሲያልፉ ተመልሶ እዚሁ ገባ።»

በሐረሪዎች ወግ ሙሽራ ለአማቷ ስፌት ታበረክታለች። ስፌቱ ግድግዳ ላይ ሲወጣ ስለ ልጅቷ ብዙ ይናገራል፤ ምን ያህል እንደምትታገሥ፣ ቀለም እንዴት እንደምትመርጥ፣ ከማን እጅ እንደተማረች። ቤቱን ለሚያውቅ ሰው ግድግዳው የዝምድና መዝገብ ነው። ሐረርን ለጥበቧ፣ ለምግቧና ለእጅ ሥራዋ ብሎ የሚመጣ መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ «ማን ሠራው? ስንት ነው?» ብሎ ይጀምራል። እኔም እንዲያ ብዬ ነበር የመጣሁት። ከዚያ ቤት ከወጣሁ በኋላ ግን በየደረስኩበት የምጠይቀው «ለማን ተሠራ?» የሚለውን ሆነ። በዚህች ከተማ አንዱ ሙያ ለምን እንደጸና፣ ሌላው ለምን እንደተቋረጠ ያስረዳኝ እሱ ነው።

ጀጎል፣ ግንብ የከበበው የሐረር ጥንታዊ ክፍል፣ በስፋቱ ትንሽ ነው። 48 ሄክታር ገደማ የሚሆን መሬት፣ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል በሚዞር ግንብ ታጥሯል። ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ያሠሩት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ናቸው ይባላል። አምስቱ ጥንታዊ በሮች፣ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር፣ ዛሬም ገበሬውንና ነጋዴውን ያስገባሉ፣ ያስወጣሉ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ በውስጡ 82 መስጊዶችና 102 የወሊዮች መካነ መቃብሮች እንዳሉ ገልጿል። በዋናዎቹ ጎዳናዎች መካከል ከተዘረጉት መተላለፊያዎች አንዳንዶቹ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፉ ናቸው፤ ግድግዳቸው ነጭ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ ተቀብቷል። ቤቶቹ ግን ፊታቸውን ወደየግቢያቸው ስላዞሩ መንገደኛው የሚያየው የግንብ ጀርባ ብቻ ነው። የሐረርን ጥበብ ለማየት መጋበዝ ያስፈልጋል፤ የሚጋብዝ ዘመድ የሌለው ሰው ለእንግዳ ማረፊያ ከተከፈቱት የድሮ ቤቶች በአንዱ ይደር። ከጀጎል ውጭ ባለ ሆቴል አድሮ በቀን የሚገባ ሰው ብዙ ነገር ያመልጠዋል።

የቤቱ ውስጥ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። በዋናው ክፍል ከፍታቸው የሚለያይ አምስት መደቦች አሉ፤ ነደባ ይባላሉ። አሚር ነደባ የአባወራው ቦታ ነው፤ እዚያ የተቀመጠ ሰው በበሩ የሚገባውን ሁሉ ያያል። ሌሎቹ እንደ ዕድሜና እንደ ክብር ተከፋፍለዋል፤ ስለዚህ ማን የት እንደተቀመጠ አይቶ ማን ማን እንደሆነ ማወቅ ይቻላል። ወለሉና መደቡ ቀይ ነው። ቀይነቱ እ.ኤ.አ. በ1887 በጨለንቆ ጦርነት የወደቁት እንዲታወሱ ነው የሚሉ አሉ። ከበሩ በላይ ባለው ዘንግ ላይ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ደግሞ በቤቱ ለትዳር የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው ተብዬአለሁ። ከዋናው ክፍል ጎን ያለችው ጠባብ ክፍል በቀድሞው ጊዜ ሙሽሮች ከሠርጉ በኋላ ያሉትን ቀናት ከሰው ተለይተው የሚያሳልፉባት ነበረች። በግድግዳው ውስጥ በተፈለፈሉት መደርደሪያዎች ላይ ረዣዥም ጥቁር የሸክላ ማስቀመጫዎች ሹል የስፌት ክዳን ደፍተው ቆመዋል፤ ጌጥና ገንዘብ የሚቀመጥባቸው ናቸው። ቤቱ ስፌቱን ታሳቢ አድርጎ የተሠራ ይመስላል። ግድግዳው ባዶ ቢሆን ቤቱ ያላለቀ ሕንጻ ነበር የሚመስለው።

እመቤቲቱ እያወሩኝ የስፌት ሥራቸውን አላቋረጡም። የሣሩን ዘለላ በግራ እጃቸው ጨብጠው እንደ ገመድ ያዞሩታል። ቀጭን ተሰንጥቆ የተነከረውን አለላ በውሃ አርሰው በዘለላው ላይ ይጠመጥሙታል። ወስፌው ከታች ያለውን ዙር ይበሳል፣ አለላው በቀዳዳው ያልፋል፣ ይሳባል፣ ይጠብቃል። ይኼው ነው ሥራው፤ ግን ዙሩ እየሰፋ ሲሄድ ጥምጥሙም ይበዛል፣ ንድፉ እንዳይዛነፍ ከመሃሉ ጀምሮ ቆጠራው በልብ መያዝ አለበት። ወረቀት ላይ የተነደፈ ነገር የለም። ለግድግዳ የሚሆን ትልቅ ስፌት ወራት ይፈጃል።

የልጅ ልጃቸው ተማሪ ናት፤ የጀመረችውን ስፌት ይዛ አጠገባቸው ተቀምጣለች። አያቷ ቀና ብለው አይተው «ፍቺው» አሏት።

«አያቴ፣ ትንሽ እኮ ነው። አይታይም።»

«ግድግዳ ላይ ሲሆን ይታያል። ሰው ሲያየው አንቺን ነው የሚያየው።»

ልጅቷ ወደ እኔ ፈገግ ብላ አየችና መፍታት ጀመረች። የአንድ ምሽት ሥራ ሲፈታ ዓይኔ እያየ ጥቂት ደቂቃ ነው የፈጀው።

ቀድሞ ልጃገረዶች ሙያውን የሚማሩት በአንዲት ባለሙያ ሴት ቤት ተሰብስበው ነበር። አብረው እየሠሩ፣ እየዘፈኑ፣ አንዷ የሌላዋን እጅ እያየች ያድጋሉ። ዛሬ ትምህርት ቤቱም ሥራውም ሰዓታቸውን ስለወሰደው እንዲህ ያለው ቤት ብርቅ ሆኗል፤ እንደዚች ልጅ ማታ ማታ ከአያት የሚማሩት ናቸው የሚበዙት። ሙያውን እስካሁን ያቆየው ትልቁ ኃይል በእኔ እምነት አፎቻ ነው። አፎቻ ለሠርግና ለለቅሶ የሚረዳዱበት ማኅበር ነው፤ በሌላው አገር እድር የምንለው ቅርብ ዘመዱ ነው፤ የሴቶቹ ለብቻው፣ የወንዶቹ ለብቻው ይቆማል። የአፎቻ ሴቶች በሠርግ ቀን ሲመጡ ምግቡ በስፌት ተከድኖ ይቀርባል፣ ስጦታው በስፌት ይመጣል፣ ዓይናቸውም ግድግዳውን ያነባል። በእነዚያ ሴቶች ፊት በችኮላ የተሠራ ነገር ማቅረብ ነውር ነው። የሐረር ስፌት ጥራቱን የጠበቀው ዳኞቹ ጎረቤት ስለሆኑ ነው።

ወግ ከሰው ጋር ባሕር ተሻግሯል። ቶሮንቶ ውስጥ ትልቅ የሐረሪ ማኅበረሰብ አለ። ጀጎል ውስጥ የእጅ ሥራ የሚሸጡ አንዲት ሴት እንደነገሩኝ ከውጭ ለሠርግ የሚታዘዝ ስፌት ከቱሪስት የተሻለ ገበያ ነው፤ ያዘዘው ቤተሰብ ምን እንደሚፈልግ ያውቃልና። «ፈረንጁ ትንሽ ይፈልጋል፣ ሻንጣ ውስጥ የሚገባ» አሉኝ። «የኛ ሰው ግን ትልቁን ነው የሚለኝ፤ እንዴት እንደሚያስገባው እሱ ያውቃል።»

ለቱሪስት የሚሠራው ትንሹ ስፌት መጥፎ ነው ልል አልፈልግም። ለብዙ ሴቶች የልጅ ደብተርና የቤት አስቤዛ ሆኗል። ግን ልዩነቱን ማየት ለሚፈልግ ሰው አንድ መንገድ ልንገረው፤ ስፌቱን ገልብጦ ጀርባውን ይመልከት። ለቤት የተሠራው ከጀርባውም ጥምጥሙ ጥብቅ ነው፣ የአለላው ጫፍ ተደብቋል። ለገበያ የተቻኮለው ጫፉ እዚህም እዚያም ወጥቶ ይታያል፣ ዙሩ ሲጫኑት ይለያያል። ጥሩውን የሚፈልግ ሰው ከመደርደሪያ አንስቶ ከመከራከር ይልቅ ቢያዝ ይሻላል፤ ልኩንና ቀለሙን ተነጋግሮ፣ ቀብድ ሰጥቶ፣ ወራቱን ጠብቆ ይውሰድ። የወራት ሥራን የአንድ ቀን የጉልበት ዋጋ እስኪሆን ድረስ መቀነስ እንደ ገበያ ችሎታ ሲቆጠር ባየሁ ቁጥር አዝኛለሁ፤ ይህን የሚያደርገው ደግሞ በብዛት ከአዲስ አበባ የመጣው የእኛው ሰው ነው።

ከፈረስ መጋላ አደባባይ ወደ ውስጥ የሚወርደው መንገድ መኪና ግርግር ይባላል። ልብስ ሰፊዎቹ በሁለቱም ወገን የእግር መኪናቸውን ደጅ አውጥተው ይሰፋሉ፤ ከኋላቸው የጨርቅ ሱቆች ናቸው። ደንበኛዋ ከሱቁ ጨርቅ ታስቆርጣለች፣ አንድ እርምጃ ተራምዳ ለሰፊው ትሰጣለች፣ እዚያው ቆማ ትጠብቃለች። አንድ ሰፊ ለጎረቤት ገበሬ የተቀደደ ሱሪ እየጠቀመ፣ ከጎኑ ያለው ደግሞ ለሙሽራ ዘመድ ቀሚስ ጠርዝ ላይ በቀስታ ይሄዳል።

የሐረሪ ሴት የበዓል ልብስ ከሩቅ ይለያል። ጥቁሩ የሐር ቀሚስ፣ ከሥሩ በቁርጭምጭሚቱ ላይ የሚጠብቀው ሱሪ፣ ባለትዳሮቹ ጠጉራቸውን ለሁለት ጠቅልለው የሚሸፍኑበት መረብ፣ ጉፍታ። ሰፊዎቹን «ሥራ የሚበዛባችሁ መቼ ነው?» ብዬ ስጠይቃቸው ሁሉም ሠርግና በዓል አሉኝ። ከበዓላቱ መካከል ሹዋሊድ አለ፤ ከዒድ አልፈጥር በኋላ ያሉት የስድስቱ ቀናት ጾም ሲፈታ የሚከበር የሐረሪዎች በዓል ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 በማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር አስገብቶታል። ልብስ ሰፊው ግን ቀድሞም ያውቀው ነበር፤ ያ ሳምንት ሲቃረብ እንቅልፍ አያገኝም።

ብር አንጥረኞቹ ጋ ብዙ አልቆየሁም፤ በአብዛኛው የሚሸጡት የድሮውን ነው። የማርያ ቴሬዛ ብር እየቀለጠ ጌጥ ይሆን የነበረበት ጊዜ አልፏል፤ የዛሬዋ ሙሽራ ወርቅ ትፈልጋለች።

ስለ ምግብ ግን በሰፊው መናገር ይገባል። ጠዋት በፉልና በፈጢራ ይጀምራል። ፈጢራው ስስ ሊጥ በሰፊ ምጣድ ላይ ተዘርግቶ፣ እንቁላል ተመትቶበት፣ ታጥፎ ተቆራርጦ ከማር ጋር ይመጣል። ቀትር ላይ ወደ ጊድር መጋላ መሄድ ነው። የሥጋ ገበያው እዚያ ነው፤ የበሬው፣ የፍየሉ፣ የግመሉም። ጭልፊቶቹ ጣሪያው ላይ ተሰልፈው ይጠብቃሉ፤ ሥጋ በእጁ አንጠልጥሎ የወጣ ሰው ካልተጠነቀቀ ከላይ ወርደው ይነጥቁታል። የሠፈሩ ልጆች በዚህ ከልባቸው ይስቃሉ፣ የተነጠቀውም ብዙ አይቆጣም። ከገበያው ዳር ሴቶች የባቢሌ ለውዝ በቆርቆሮ እየሰፈሩ፣ ማንጎና ዘይቱን ቆልለው፣ ትኩስ ሳንቡሳ ደርድረው ተቀምጠዋል። ሐላዋው በትልቅ ሰሃን ተቆልሎ እየተቆረጠ በኪሎ ይሸጣል፤ ሄሉ ይሸታል፣ ጣቱ ላይ ዘይቱ ይቀራል።

እነዚህን ማንም መንገደኛ ያገኛቸዋል። ቤት ካልገቡ የማይገኘው ሌላ ነው። አብሹ ተነክሮ ውሃው ተደፍቶ፣ አረፋ እስኪሆን በእጅ ይመታል፤ ከዚያ ከሥጋ መረቅ ጋር ይቀርባል። ሑልበት መረቅ ይሉታል። አብሽ ሲመታ ክንድ ያደክማል፤ አረፋው ደግሞ ቶሎ ስለሚወርድ ተሠርቶ ወዲያው መበላት አለበት። ለዚህ ይመስለኛል በምግብ ቤት ሳይሆን በቤት የሚኖረው። የመጠጡም ነገር እንዲሁ ነው። የሐረር ቡና ከነገለባው በፀሐይ ስለሚደርቅ ፍሬው ሲፈለፈል ገለባው ይተርፋል። ፍሬው ለነጋዴ ይሸጣል፤ ገለባው ይታመስና ይፈላል፣ ሐሸር ቃህዋ ይባላል። ቅጠሉም አለ፤ ደርቆ በምጣድ ይታመስና ከወተትና ከጨው ጋር ይፈላል፣ እሱ ቁጢ ነው። በዓለም ገበያ ስሙ የታወቀው ቡና በተነሣበት አገር ብዙ ቤት በየቀኑ የሚጠጣው የዛፉን ቅጠል መሆኑ መጀመሪያ ይገርማል። ገበሬውን ሲያስቡት ግን ነገሩ ግልጽ ነው፤ ፍሬው ብር ነው፣ ቅጠሉ የቤት ነው። ቁጢ የመጀመሪያው ጉንጭ ላይ ጭስ ጭስ ይላል፤ ከሁለተኛው ሲኒ በኋላ እኔ ሻይ አላሰኘኝም።

ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ ሲመገብ ማየት አለ። ሁሉም ስለሚጽፈው ለእነሱ ትቼዋለሁ።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ጠያቂ ያለው ሙያ ነው። ስፌቱን አማት ትጠይቃለች፣ ልብሱን በዓል ይጠይቃል፣ ሑልበት መረቁን እንግዳ ይጠይቃል። ጠያቂው የጠፋበትን ለማየት ወደ ሸሪፍ ሙዚየም መሄድ ያስፈልጋል። ሙዚየሙ ያለው የራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው፣ የእንጨት ሰገነትና ሰፊ መስኮት ባለው አሮጌ ሕንጻ ውስጥ ነው። የሙዚየሙ ባለቤት አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ የሐረርን ቅርስ መሰብሰብ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መባቻ ላይ ነው። መጀመሪያ በመኖሪያ ቤታቸው ለጎብኚ ያሳዩ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ነው ወደዚህ ሕንጻ የገቡት። ሳንቲሙ፣ ጌጡ፣ ስፌቱ፣ በካሴት የተቀዳው የድሮ ዘፈን ሁሉ አለ። ለእኔ ግን ቤቱን ቤት ያሰኘው የብራና ሳይሆን የወረቀት ጽሑፎቹ ክምችት ነው፤ ቁርአን፣ የሃይማኖት ሕግ፣ ምስጋናና ታሪክ በእጅ የተጻፈባቸው መጻሕፍት። አንዳንዶቹ የመጀመሪያ ገጻቸው ላይ ለየትኛው መስጊድ በወቅፍ እንደተሰጡ ተጽፎባቸዋል። ለማን ተሠራ የሚለው ጥያቄዬ እዚህ መልሱ በቀለም ሰፍሮ ቆየኝ።

የሐረር ጥራዝ በዘመኑ ስመ ጥር ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ሐረር የገባው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ብዙ ነገሯን ሲነቅፍ መጻሕፍቷን ግን አድንቋል፤ በጥራዝ ጥንካሬና ውበት ከምሥራቅ አገሮች ከፋርስ በቀር የሚበልጣት የለም ብሎ ጽፏል። ሽፋኑ ቆዳ ነው። የኋላው ክዳን ረዝሞ በመጽሐፉ አፍ ላይ የሚታጠፍ መሸፈኛ አለው፤ ገጹ አቧራ እንዳይገባበት ያደርጋል። በቆዳው ላይ በማኅተም እየተጫነ የአበባና የሐረግ ጌጥ ይወጣበታል። በቅርብ ሲያዩት ማኅተሙ በእጅ እንደተጫነ ያስታውቃል፤ አንዱ ጠለቅ፣ አንዱ ቀለል ይላል።

ይህ ሙያ የተቋረጠው የሚጠርዙት እጆች ስለደከሙ ብቻ አልነበረም። የታተመ ቁርአን በንግድ መምጣት ሲጀምር የሚገለብጠው ጸሐፊ ሥራ አጣ፤ ጸሐፊው ሲቀር ጠራዡ የሚጠርዘው ነገር አልነበረውም። ስፌት ሠሪዋም የቆርቆሮና የፕላስቲክ ሳህን መጥቶባታል፤ ግን የፕላስቲክ ሳህን ይዛ አማቷ ቤት የምትገባ ሙሽራ የለችም። ሳህኑ ገበታ ላይ ቦታ አገኘ፣ አለፍ ሲልም ከስፌቱ ጋር ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ የስፌቱን ወግ ግን አልወሰደም። መጽሐፉ እንዲህ የሚከላከልለት ወግ አልነበረውም።

አቶ አብዱላሂ የተቀደደውን የመጽሐፍ ቅጠል መጠገንና መጠረዝ ተምረው፣ የድሮዎቹን ሽፋኖች እያዩ የሐረርን የቆዳ ሥራ መልሰው አስጀምረዋል። ይህ ታላቅ ሥራ ነው። በአንድ ሰው ትጋት የተጀመረ ነገር ከዚያ ሰው በኋላ እንዲዘልቅ ግን የሚያዘው ይፈልጋል፤ የጎብኚ ቲኬትና አድናቆት ብቻውን ጠራዥ አያኖርም።

ጠያቂው ደግሞ እዚያው ከተማዋ ውስጥ አለ ብዬ አምናለሁ። እያንዳንዱ አፎቻ የአባላትና የመዋጮ መዝገብ አለው፤ ከወረቀት መደብር የተገዛ ደብተር ነው። መስጊዶቹ መዝገብ አላቸው፤ ኒካሕ ይመዘገባል፤ የክልሉ መሥሪያ ቤቶች እንግዳ የሚፈርምበት የክብር መዝገብ ይከፍታሉ፤ ትምህርት ቤት ተማሪ ይሸልማል። ይህ ሁሉ ባለመታጠፊያ በሆነው የሐረር የቆዳ ሽፋን ሊጠረዝ ይችላል። ከቶሮንቶ ለልጁ ሠርግ ስፌት የሚያዝ አባት ለሙሽሮቹ የሚሰጠውን ቁርአን የቆዳ ሽፋን አብሮ ቢያዝ፣ ጠራዡም እንደ መኪና ግርግር ሰፊዎች እንቅልፍ የሚያጣበት የሠርግ ወቅት ይኖረዋል።